ሰርቪስ ያልኩ ቀን

በሩን ያንኳኳው ሰውዬ ዣንጥላ አልነበረውም። ጥፋቴ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። ዣንጥላ ይዞ ቢሆን ኖሮ አልከፍትለትም ነበር።

ልጄ ሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነው። «እማዬ፣ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ። ፖስታም ቢሆን፣ ፖሊስም ቢሆን፣ መልአክም ቢሆን።» እኔም አልከፍትም። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ ከዚያ ትንፋሼን ውጬ እቆማለሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ አድርጌ ያልሸኘሁት ሰው የለም። ሣር አጫጁን፣ ሰባኪዎቹን፣ አንዴማ ሳይደውል ከወንዝ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ የመጣውን የገዛ ወንድ ልጄን። ያን ቀን ግን ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰውየው ወረቀቶቹን ጃኬቱ ውስጥ ሸሽጎ ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል። ደግሞ ሽበታም ነው። ሽበታም ሰው ደጄ ላይ በዝናብ እየበሰበሰ ዝም ብዬ መቆም አቃተኝ። ከፈትኩ።

የቤቱን ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። ልጄና ባሏ ቤቱን ሲገዙ ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ፣ የራሱ በር ነበረው፣ በጓሮ በኩል። ለብቻው ቢሠራ ተከራይ ይገባበታል፣ የቤቱም ዕዳ ይቀላል ተባለና አንድ አናጢ መጣ፣ የእኛው አገር ሰው፣ እጁ የተባረከ። በሁለት ሳምንት ግድግዳ አቆመ፣ ምድጃ አስገባ፣ መታጠቢያ ሠራ። ልጄ «ፐርሚት፣ የግንባታ ፈቃድ አያስፈልገውም እንዴ?» ብትለው «እትዬ፣ ፐርሚት የሚጠብቅ ሰው ቤዝመንቱን የሚያየው በምርኩዝ ነው» ብሎ አሳቃት። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው የሳቅሁት ያናድደኛል።

የገባችበት የደሴ ልጅ ናት፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ያላት። አቅመ ደካሞች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ ገብታ ሲመሽ፣ አንዳንዴም በጣም መሽቶ ነው የምትወጣው። ልጅቷን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የምቀበላት እኔ ነኝ። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ እንዴት እንደምንግባባ እግዜር ይወቅ። ሁለቱም እማማ ነው የሚሉኝ። እናትየው በጾማቸው ወር ሾርባ ታወጣልኛለች፣ እኔም በጾማችን ሽሮዬን አወርድላታለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰውየው ገባ። ጫማውን ምንጣፉ ላይ ደጋግሞ ጠረገ፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ መታወቂያውን አሳየኝ። ፎቶውን አየሁ፣ ጽሑፉን አላውቀውም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው፣ ያውም የአማርኛውን ብቻ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ወንበር ሳብኩለት፣ እጁን አወዛወዘ። ሻይ አልኩት፣ «ኖ፣ ኖ»። ዳቦ ቆረስኩለት፣ «ኖ፣ ታንኪው»። ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። እኛ ዘንድ እህል የማይቀምስልህ እንግዳ ክፉ ነገር ይዞ የመጣ ነው። በኋላ ሲነግሩኝ እንዳይቀበሉ ተከልክለው ነው አሉ። እኔ በምን ልወቅ!

በጣቱ ወደ ታች ጠቆመ። «ሁ?» አለኝ። ማን ማለቱ ነው፣ ይቺን አውቃታለሁ።

ልጄ «ድንገት ከጠየቁሽ ፋሚሊ በይ» ብላኛለች። ግን ሁዳዴ ነበር። በሁዳዴ እንዴት ብዬ ልዋሽ? ፋሚሊ አይደሉማ። ቢሆኑ በወደድኩ። ደግሞ ተከራይ የሚለውን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። አሰብኩ አሰብኩና አንድ ቃል መጣልኝ፣ ውሸት ያልሆነ፣ የፈረንጅም የሆነ።

«ሰርቪስ» አልኩት።

አዲስ አበባ ሰርቪስ የማያውቅ አለ? ትልቁ ቤት ከፊት ይቆማል። ከጀርባው ማድቤቱ፣ የሠራተኛ ክፍሉ፣ ዕቃ ቤቱ ይደረደራሉ፣ እሱ ሰርቪስ ይባላል። ባለቤቱ ሲፈልግ ያከራየዋል። እኔ ሁለት ልጆች ያሳደግኩት ሰርቪስ ውስጥ ነው። ቃሉ ከፈረንጅ እንደመጣ ስለማውቅ ፈረንጁ ሁሉ እንደ እኛ የሚለው መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ብዕሩን አወጣ። «ሰርቪስ?»

«ጉድ ሰርቪስ» አልኩት፣ ንጹሕ ነው ለማለት።

«ፒፕል ከም?» አለና በእጁ መግባት መውጣት አሳየኝ።

«የስ፣ ከም።»

«ኤቭሪ ዴይ?»

«ኤቭሪ ዴይ» አልኩት። ቤቷ አይደል እንዴ፣ በየቀኑ ነዋ የምትመጣው! ከዚያ ሰነፍ እንዳትመስልብኝ ብዬ «ናይት። ናይት ወርክ» ጨመርኩበት።

እሱ ይጽፋል፣ እኔ ደስ እያለኝ ሄደ። ከፈረንጅ ጋር ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። የደሴዋ ልጅ ያን ቀን የሰው ተራ ሸፍና በጠዋት ወጥታ ስለነበር፣ ቤቱን ያይላት ብዬ ራሴ ወደ ታች ይዤው ወረድኩ። መኝታ ክፍሉ ገባ፣ ኮርኒሱ ሥር ያለችውን ትንሽ መስኮት አየ፣ ሜትር አውጥቶ ለካት፣ ራሱን ነቀነቀ። ፎቶ አነሳ። ሲወጣ ጓሮ በር ላይ ወረቀት ለጠፈና በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

ማታ ልጄ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀምጣ አነበበችው።

«እማዬ፣ ለሰውየው ምንድን ነው ያልሽው?»

ነገርኳት። ባሏ ከኋላዋ ሆኖ ያነባል። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። «እማማ፣ እርስዎ ታች ሱቅ መክፈትዎን እኮ እኛም አልሰማንም! በየቀኑ ሰው ይመጣል፣ ሥራውም ማታ ማታ ነው... ኸረ ጉድ! ይሄ እኮ ማሳጅ ቤት ነው የሚመስለው።»

«አፍህን ዝጋ» አለችው ልጄ። ድምፅዋን ሲሰማ እሱም ሳቁን አቆመ።

ሰውየው፣ ሰው ጠቁሞብን የመጣ የመንግሥት ቤት ተቆጣጣሪ ኖሯል፣ ወረቀቱ ያለው ይህን ነው። አንደኛ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ፈቃድ ንግድ ይካሄዳል። ሁለተኛ፣ ቤዝመንቱ ያለ ፐርሚት ተሠርቷል፣ የማከራያ ላይሰንስም የለውም። ሦስተኛ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ ሰው እንዳይተኛ። በሠላሳ ቀን ካልተስተካከለ ተከራይ ይወጣል። የመጀመሪያው የእኔ ቃል ነው። ልጄ እንዳለችው ሌሎቹን ይዞ ቀስ ብሎ መለመን ይቻል ነበር፣ ንግድ የሚለው ሲጨመርበት ግን በዚህ ሰፈር የቤት ሕግ ጭራሽ የተከለከለ ነው።

ያን ሌሊት መጋረጃው ሥር ቁጭ ብዬ መንገዱን ስጠብቅ አደርኩ።

ለምን ያን ያህል እንደፈራሁ ልናገር። እኔ ከሰርቪስ ተባርሬ አውቃለሁ። ክረምት ነበር፣ የባለቤቱ ልጅ ሊያገባ ነው ተባለና ክፍሉ ተፈለገ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የብረት ሣጥን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ፍራሹ ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው «ውጡልኝ» ያለኝ። እንግዲህ አሁን እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ መዞር ጀመርኩ። እናትየው ከሥራ ስትገባ ልጄ መኝታ ክፍሉ እንደተከለከለና ቀን እንደተቆረጠ ነገረቻት። ስለ ንግዱ አልነገረቻትም፣ እኔን ልታተርፍ ነው። እኔም አልነገርኳትም።

የኔን ክፍል ለናትና ልጅ ለቀቅሁና ወንዱ ልጄ መጥቶ ወሰደኝ። አሌክሳንድሪያ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ነው የሚኖረው። ሶፋው ላይ ተኝቼ የማስበው እናቲቱንና ልጇን ነው። መኪና በቆመ ቁጥር ሰውየው የመጣ ይመስለኛል፣ ወንዝ ማዶ፣ ሌላ ስቴት ሆኜ እንኳ። ልጄ «እማዬ፣ እዚህ ማን ያውቅሻል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ግን ፍርሃት አድራሻ አይጠይቅም።

እዚያ ሕንፃ ታች፣ ልብስ የሚታጠብበት ክፍል አንዲት የጎንደር ሴት ተዋወቅሁ፣ እኩያዬ ናት። ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ዘረገፍኩላት። ብታጽናናኝ ብዬ ነበር።

«እኅቴን!» አለችና አንሶላውን ጉልበቷ ላይ ጣለችው። «አንዴ መንግሥት ኮምፒውተር ውስጥ ከገባሽ እኮ አለቀ። የወንድሜ ልጅ ታች የሠራውን ኪችን በገዛ እጁ ነው ያስነቀሉት። ቧንቧው ሳይቀር! ተከራዮቹ በሳምንት ውስጥ ወጡ፣ አንዷ እርጉዝ።»

«ልጄ ሄዳ ታስረዳለች» አልኳት።

«ልጅሽ ምን አድርጊ ትያታለሽ? ያለችው እሷ አይደለችማ። ሰርቪስ ያለው አፍ ሄዶ ነው ሰርቪሱን የሚያስመልሰው።» ከዚያ ፊቴን አየች መሰል «በይ አታልቅሺ፣ ካልሲሽ ከኔ ልብስ ጋር ተቀላቅሏል፣ ነይ እንለይ» አለችኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ የደሴዋ ልጅ ኮል አደረገችልኝ። «እማማ፣ ሄርንደን የአክስቴ ልጅ ጋ አንድ ክፍል አለ። እዚያ ልገባ ነው።»

«ሥራሽስ?»

«ሥራዬን እተዋለሁ። ሩቅ ነው፣ ከዚያ በየቀኑ እንዴት እመላለሳለሁ? የልጅቷንም ትምህርት ቤት አዘዋውራለሁ። ደህና ነው እማማ፣ ለምጃለሁ።»

ለምጃለሁ ያለችው ነገር ነው የገደለኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራተኛ ቤቷ ነበር የእኛ ቤት። ልጄን ከሥራ አስወጥቼ «አሁኑኑ አድርሰኝ» አልኩት። ቤልትዌዩ፣ ቀለበት መንገዱ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ስንቆም በሩን ከፍቼ በእግሬ ልሄድ ቃጣኝ።

ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ልብስ ታጣጥፋለች። ቆሜ ነገርኳት። የሰውየውን ዝናብ፣ ሁዳዴውን፣ ሰርቪሱን፣ ጉድ ሰርቪሱን፣ ናይት ወርኩን። አንዱንም አላስቀረሁም፣ ወረቀቱን ያወጣው ቢሮ ሄጄ ራሴ እንደማስረዳም ጨመርኩ።

እጇ ላይ ያለው ቀሚስ እንደተንጠለጠለ ቀረ። «እማማ» አለችኝ፣ «እኔን ነው በየቀኑ ሰው ይመጣል፣ ማታ ማታ ይሠራል ያሉኝ?»

«አንቺን ነው ልጄ።»

«ያ አላህ!» አለችና በሳቅ ተንከተከተች። ቀሚሱን አፏ ላይ አድርጋ፣ ልጅቷ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀ። «እርስዎ ባይሉም እኮ መስኮቱ ትንሽ ነው። እሱን አልይዝብዎትም። ግን ይሄን ሁሉ ቀን ለምን አልነገሩኝም? እኔ ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ነበር። ልጅቷ ጮኻ ይሆን፣ መኪናዬን ያለቦታው አቁሜ ይሆን እያልኩ።»

«ፈርቼ» አልኳት።

ልብሱን ማጣጠፏን ቀጠለች። «መቼ ነው ቢሮው የሚሄዱት?»

«ማክሰኞ።»

«እስከ ማክሰኞ እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን የአክስቴ ልጅ ክፍሉን አይዝልኝም።»

ማክሰኞ ሴቷ ልጄ ቢሮው ይዛኝ ሄደች። መስተዋት ጀርባ የተቀመጠችው ሴትዮ ልጄ ማስረዳት ስትጀምር እጇን አንስታ አስቆመቻትና ስልክ ደወለች። አስተርጓሚ ነው። ከስልኩ ውስጥ የአንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ ወጣ፣ ጥርት ያለ።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ። በወረቀቱ ላይ ታች የአገልግሎት ንግድ አለ ብለዋል ነው የሚለው። ምን ዓይነት አገልግሎት ነው የሚሰጠው?»

«ኸረ ልጄ፣ ሰርቪስ ነው እኮ ያልኩት! ሰርቪስ ቤት!»

ከስልኩ የታፈነች ሳቅ ሰማሁ። «እናቴ፣ ገብቶኛል። እኔም የተወለድኩት ሰርቪስ ነው። ግን ከራሴ አንድ ቃል መጨመር አይፈቀድልኝም። እርስዎ ሰርቪስ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ፣ ያሉትን እንዳለ እላታለሁ።»

እንዲህ ተከብቤ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። የሴትዮዋን ብዕር ለመንኩና ወረቀት ላይ ሣልኩ። ይሄ ትልቁ ቤት። ይሄ ጓሮ። ይሄ ማድቤት፣ ይሄ እኔና ልጆቼ የተኛንበት። በዚህ በኩል ውሃ፣ በዚህ በኩል ሽንት ቤት። «ሥራ አይደለም፣ ቤት ነው» አልኩ። «የሚመጣው ሰውም ሌላ ሰው አይደለም፣ እሷው ናት፣ ወደ ቤቷ ነው የምትመጣው። ማታ የምትሠራውም አቅመ ደካሞች እያጠበች ነው።» አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ስትመልስልኝ ይሰማኛል። ቤት ያልኩት ቦታ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ መሰለኝ፣ ወይ ስልኩ ይሆናል።

ሴትዮዋ ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ንግድ የሚለው ተሰረዘ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። «ሌላው እንዳለ ነው» ብላ ቀጠለች። ግድግዳው ተቆርጦ ትልቅ መስኮት መግባት አለበት፣ እሱም በፐርሚት፣ ላይሰንስ ባለው ሰው። መስኮቱ እስኪያልቅ ክፍሉ አይተኛበትም። ቀኑን አረዘመችልን፣ ሌላውን አልለቀቀችም። ልጄ በብስጭት «ስለ አንድ መስኮት!» ስትል ሴትዮዋ ተናገረችና አስተርጓሚዋ ወደ እኔ መለሰችው። «እሳት ቢነሳና ደረጃው በጭስ ቢሞላ ሰው የሚወጣበት ሌላ ቀዳዳ የለም ነው የምትልዎት።»

እኔ ትንሿን ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የማስተኛት እዚያ ክፍል ነው። በሩን ዘግቼ፣ ድምፅ እንዳይቀሰቅሳት። ከዚያም ወደ ላይ ወጥቼ ምድጃ ላይ ድስት እጥዳለሁ። እስከዚያች ደቂቃ የፈራሁት ወረቀቱን፣ ሰውየውን፣ ኮምፒውተሩን ነበር። ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ልጄ «እማዬ፣ አመመሽ?» ስትለኝ «እዚያ ነው እኮ የማስተኛት» አልኳት። ዛሬም አንዳንዴ ድስት ጥጄ ሳማስል ያ ነገር ይመጣብኛል።

የደሴዋ ልጅ ሄርንደን ደውላ ቆየኝ አለችው። ግን አይታወቅም ብላ ክፍሉን ጭራሽ ተወው አላለችውም። እኔም ከአሌክሳንድሪያ ተመልሼ ሦስታችን በኔ ክፍል ከረምን። እናትና ልጅ አልጋ ላይ፣ እኔ ወለል ላይ በፍራሽ። ልጄ ስትቆጣ «ለወገቤ ጥሩ ነው» እላታለሁ። ደጃፋችን ላይ ማስታወቂያ ተተከለ፣ እዚህ ቤት ውስጥ የኪራይ ክፍል ሊፈቀድ ነው፣ ተቃውሞ ያለው ይናገር የሚል። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ውሻዋን የምታንሸራሽረው ጎረቤታችን ቆማ ስታነበው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ከንፈሯን እከታተላለሁ። ያመለከተችብን እሷ ትሆን እያልኩ ሰላምታ ነፈግኳት። ማን እንዳመለከተ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሴትዮዋን ሳላውቅ ቀየምኳት።

ከቤዝመንቱ ግድግዳ ውጭ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ግድግዳው ተቆረጠ፣ መስኮቱ ገባ። ሊያየው የመጣው ሌላ ወጣት ሰው ነው። ከፈተ ዘጋ፣ ለካ፣ ከዚያ «ኖ» አለ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ጉድጓድ ጥልቅ ነው፣ መውጫ መሰላል የለውም። እናትየው ወደ ላይ ወጥታ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ ስታወጣ ሰማሁ።

መሰላሉ በሳምንቱ ተገጠመ፣ ብረት፣ ግድግዳው ላይ የተመታ። የመጨረሻውን ምርመራ ሊያደርግ የመጣው ያ ሽበታሙ ሰውዬ ነው። ዝናብ የለም፣ ፀሐይ ነው። እኔ ኪችን ውስጥ ተደበቅሁ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ ዳግም አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ። ልጄ ይዛው ወረደች። መስኮቱ ሲከፈት ሰማሁ። ሰውየው መሰላሉን ሲረግጥ ሰማሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«እማዬ!» አለች ልጄ ከታች። «አልፏል! ፈርሞልናል!»

እግሬ ወደ ደጅ ወሰደኝ። የደሴዋ ልጅ መኪናዋ አጠገብ ቆማለች። የኋላው ወንበር እስከ ጣሪያው ሞልቷል፣ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጅቷ ወንበር፣ በላስቲክ የታሠሩ ድስቶች። በጠዋት እኔ ሳላይ ነው የጫነችው። ልጅቷ የፊቱ ወንበር ላይ ቀበቶዋን አሥራ ተቀምጣለች።

«አለፈ» አልኳት።

«ሰማሁ።» የመኪናውን ቁልፍ እጇ ውስጥ ታገላብጣለች። «እማማ፣ ነገ ሌላ ወረቀት ቢለጥፉስ?»

አይለጥፉም ልላት ፈለግሁ። ግን አላውቅማ። «እኔም እሱን ነው የምፈራው» አልኳት።

ቁልፏን ኪሷ ውስጥ ከተተች። የኋላውን በር ከፈተችና ብርድ ልብሱን ስባ አቀፈችኝ፣ ከነብርድ ልብሱ። እኔ ብርድ ልብሱን ያዝኩ፣ እሷ ሻንጣውን፣ ልጅቷ ቀበቶዋን ፈታ አንድ ድስት ይዛ ወረደች። በጓሮ በኩል ዞረን ገባን። ደረጃውን ግድግዳ እየተደገፍኩ አንድ በአንድ ወረድኩ።